ይድረስ በሰናፍጭ ስም ለቀረብከው ትል

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ናፍቆት ያልኩት ለወጉ ያህል ነው።

ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት የምደብቀው ስላልቀረኝ ነው። የቅዳሜውን ጉድ የእጮኛዬ ዘመድ በሙሉ ሰምቷል። ደብረ ማርቆስ ድረስ ተደውሏል።

ላልሰማ ልንገር። ሽማግሌ ከተላከ ወዲህ የእጮኛዬ ወላጆች ሐዋሳ ሲመጡ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። አባባ በጥሬ ሥጋ የሚደርስባቸው የለም፤ ውሃ ውስጥ የኖረ ነገር ላይ ግን እምነት የላቸውም። ጥብስ አዝዤ ብገላገል ምን ነበረበት? አፌ መች ያርፋል። «ሐዋሳ ድረስ መጥታችሁ ጥሬ አሳ ሳትቀምሱ መሄድማ አይሆንም!» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

ሐይቁ ዳር ወረድን። አሳ የሚገፈው ልጅ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ከነነፍሱ አሳየን፣ ቆዳውን እንደ ካልሲ ገፈፈው፣ ሁለቱን ጎን በስሱ አንስቶ ትሪ ላይ ደረደረ። አዋዜው በአንድ በኩል፣ ሰናፍጩ በሌላ በኩል፣ መሃል ላይ ዳቦ። እኔም እንደ ባለቤት ቆሜ «ይኸው እንግዲህ፣ ትኩስ!» እላለሁ።

አባባ አንድ ቁራጭ አነሱ። አፋቸው አጠገብ ሲደርስ እጃቸው ቆመ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰናፍጭ ይሄዳል እንዴ?»

ቀልድ መስሎኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንተ ነህ። የአተር ክክ ታህላለህ፣ ቀለምህም እንደ ክኩ ነው። ትለጠጣለህ፣ ትሰበሰባለህ፣ ደግሞ አንድ ጫፍህን ቀና አድርገህ ማን ማን እንደመጣ ታያለህ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣሉ። ታናሽ እህቷ ስልኳን አወጣች፤ ለእርዳታ እንዳይመስልህ፣ ለቲክቶክ ነው። እጮኛዬ አሳውን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

ልጁ ደግሞ ምንም አልመሰለውም። በቢላው ጫፍ አንስቶ ወደ ሐይቁ ፈነጠረህና «ችግር የለውም ፋዘር፣ ወቅቱ ነው» አለ።

ፋዘር! አባባን! ደግሞስ የምን ወቅት?

በዚህ «ወቅቱ ነው» በሚሉት ነገር ላይ ነው ደብዳቤዬ። በሐምሌ ትገኛለህ፣ «ጎርፉ ነው ያመጣው» ይላሉ። በጥር ትገኛለህ፣ «ውሃው ስለቀነሰ ነው» ይላሉ። በዐቢይ ጾም ገበያው ሲደራ ትገኛለህ፣ ያኔ ማንም ምንም አይልም፣ ሰልፉ አይፈቅድም። ከሰኔ እስከ ሰኔ ወቅትህ ከሆነ ወቅት ሳይሆን ቋሚ አድራሻ ነው ያለህ። የቀበሌ መታወቂያ እንኳ እኔ ሳላገኝ አንተ ሳታገኝ አትቀርም።

እውነቱን ለመናገር ስላንተ ሁለት ሌሊት ሳነብ አድሬያለሁ። እንቅልፍ ቢመጣ ኖሮ አላነብም ነበር። በሳይንሱ ክሊኖስቶመም ትባላለህ። ከሰናፍጭ የሚሻል ስም ነው። ጎልማሳ ስትሆን የምትኖረው አሳ በሚበሉት ወፎች አፍና ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ ሽመላ ምንቃሩን ውሃ ውስጥ በነከረ ቁጥር እንቁላልህ ይታጠባል። የተፈለፈለው ልጅህ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባል። እዚያ ውስጥ አንዱ ብዙ መቶ ይሆናል (ኮንዶሚኒየም ደርሶት ማለት ነው፣ ያለ ዕጣ)። ከቀንድ አውጣው የወጣው ጭፍራ የቆሮሶን ቆዳ በስቶ ሥጋው ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ይተኛል፣ ሽመላ መጥቶ አሳውን እስኪውጠው።

ወቅት የሚባል ነገር ካለ በሩ ላይ ነው ያለው፣ ቀንድ አውጣው ጋ። ዝናቡ ሐይቁን ሲሞላው ዳር ያለው ቄጠማ ውሃ ይገባዋል፣ ቀንድ አውጣውም ምቾት ያገኛል፤ ጎርፉ ከበረታ ደግሞ ጠራርጎ ይወስደዋል። ውሃው ሞቅ ሲል ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ጭፍራ ይጨምራል። የፈረንጅ ሐይቅ በረዶ ሲሠራ ይሄ ሁሉ ቀጥ ይላል። የእኛ ስምጥ ሸለቆ እንደዚያ ያለ ብርድ የት ያውቃል? እዚህ ሰዓቱን የሚቆጥረው ዝናብና ነፋስ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን የመግቢያ ወቅትህ ነው። መውጫህ ሌላ ነው። አንዴ ሥጋ ውስጥ ከረጢትህን ከሠራህ ለወራት፣ ሲመችህም ለዓመታት ትቀመጣለህ። አሳው በኖረ ቁጥር ደባል ይጨምራል። የቅዳሜው አንተ የዘንድሮ ላትሆንም ትችላለህ። እና ልጁ «ወቅቱ ነው» ያለኝ የየትኛው ዓመት ወቅት ነው?

ወቅት ማክበር ከፈለግህ ከዘመዶችህ ተማር። አሳው ስንጥብ ላይ የሚጣበቁት ጥቃቅን ትሎች ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ ሙቀቱ ሲቀያየር ይበዛሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ይሄዳሉ። ተከራይ ናቸው። አንተ ግን ይዞታ ይገባኛል የምትል ነህ። ጣና ውስጥ ደግሞ ሊጉላ የሚባለው ነጭ ትል አለ፣ የትንንሾቹን አሳዎች ሆድ ሞልቶ ነፍሰ ጡር የሚያስመስላቸው። ያኛው እንኳ ሆድ ውስጥ ነው፣ ከሆድ ዕቃው ጋር ተዘርግፎ ይወጣል። ሥጋው ውስጥ፣ ለዚያውም ከሰናፍጭ አጠገብ አይገኝም።

ኮሶም ቢሆን ወግ አለው። ጥሬ ሥጋ በልተህ ኮሶ ቢይዝህ ማንም አይታዘብህም፣ አያቶቻችን በስሙ ዛፍ ነበራቸው፣ አበባውን ጠጥተው ቤት ይውሉ ነበር። አንተ ግን አማት ፊት ነው የምትመጣው።

የድሮ በደልህን አላነሳም። አምና ጎረቤቴ ሳህን ላይ አይታህ ለሦስት ወር ቡና እንዳልጠራችኝ። ድመቴም እንዳኮረፈችኝ።

ከትሪው ሁለተኛውን አንተን በሃይላንድ ክዳን ይዤ ሰኞ ጠዋት አቤት ልል ሄድኩ። የት እንደሄድኩ አልናገርም፣ ታውቁታላችሁ። ጥበቃው «ምንድነው የያዝከው?» አለኝ። «ትል» አልኩት። ቦርሳዬን ፈትሾ አሳለፈኝ። መስኮት 3 ላይ ተሰለፍኩ። ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው፤ ከነሱ አራቱ «ወረፋ ይዤ ነበር» ብለው የገቡ። ተራዬ ሲደርስ «ይሄ መስኮት 7 ነው» ተባልኩ። መስኮት 7 ያሉት ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሰዓት መጡ። «ማመልከቻ አለህ?» የለኝም። ውጭ ካለው ጸሐፊ ጋ አጽፌ መጣሁ፤ ጸሐፊው «ስለ ትል» ብሎ ለመጻፍ ፈቃደኛ ስላልሆነ «ጉዳዩ፦ ከምግብ ጋር የቀረበ ባዕድ ነገርን ይመለከታል» ብሎ ጻፈልኝ። «ደረሰኝ አለህ?» ሐይቅ ዳር ተቆርጦ ለተበላ አሳ ማን ደረሰኝ ይሰጣል? «ናሙናው የተያዘበት ቀን?» ጥቅምት ነው አልኩ። «ወሩን ሳይሆን ወቅቱን ጻፍ» አለች። ቅጹ ላይ እውነትም «ወቅት» የሚል ሳጥን አለ። ሁለት ምርጫ፦ ክረምት፣ በጋ። ጥቅምት የት ይግባ? ለአለቃዋ ደወለች። አለቃው አላነሳም። ወደ ክዳኑ አየት አድርጋ «ደርቋል እኮ፣ የደረቀ አንቀበልም» አለችኝ። ጠዋት ሲንቀሳቀስ ነበር እኮ! መስኮት 3 ላይ ሲንቀሳቀስ ነበር!

ከዚህ በኋላ ቀልድ አልችልም።

የበሬ ሥጋ ቄራ ያልፋል፣ ያያል የተባለ ሰው ያየዋል፣ ማህተም ይመታበታል። ሐይቁ ዳር ተገፎ ለሰው የሚሰጠውን አሳ ማን ያየዋል? ቢላ የያዘው ልጅ ብቻ። እሱም ስንጥቡን ገለጥ አድርጎ ማየት፣ ፊሌቶውን ወደ ብርሃን ይዞ ማሳለፍ፣ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር፣ ማንም አላስተማረውም። የሆድ ዕቃው የት ይሄዳል? እዚያው ዳር። ግማሹ ለአባ ኮዳ ይወረወራል፣ ቱሪስት ፎቶ እንዲያነሳ፤ ግማሹ ውሃው ውስጥ ይጣላል። ትሉ ያለበትን ሥጋ ለአሳ በል ወፍ በእጃችን ካጎረስን በኋላ ነው «ወቅቱ ነው» የምንለው። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የሌለው ነው። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል፣ ከተማው የሚጥለው ይገባል፣ የሚወጣ የለም። የቀንድ አውጣው ጉዳይ ደግሞ አንተ ላይ አያበቃም፤ የሥጋ ዘመድህ ቢልሃርዚያም በቀንድ አውጣ በኩል ነው የሚመጣው፣ እሱ ደግሞ የሚፈልገው አሳ ሳይሆን ሐይቁ ዳር እግሩን የነከረውን ልጅ ነው። ያንን ልጅ ማን አየው? እሱስ በየትኛው መስኮት ይሰለፍ?

እሺ። ተረጋግቻለሁ።

ደህና ነገርህን አልክድም። እሳት ካየህ አለቀልህ፤ ጥብስም ሾርባም ላይ ትርፍህ አስቀያሚነትህ ብቻ ነው። በጥሬ ግን ታስፈራለህ፤ ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ ጥሬ የወንዝና የሐይቅ አሳ የበሉ ሰዎች ጉሮሮ ላይ ተጣብቀህ በሐኪም መቆንጠጫ የተነቀልክበት ጊዜ አለ። ጉሮሮውን ከሽመላ ጋር አምታተኸው ይሆናል። ብርድም ይገድልሃል አሉ፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ 7 ቀን ሙሉ። 7 ቀን ሙሉ መብራት ሳይጠፋ! ይህን የጻፈው ፈረንጅ እኛ ሰፈር አልኖረም።

ወደ ቤተሰቡ ልመለስ። አባባ ደርሰው ሲመለሱ ጥሩ ሰው ሆነው ስቀው ነው የሄዱት። ትናንት ግን እጮኛዬ ደውላ «አባቴ ሰላም ብሎሃል» አለችኝ። «ምን አለ?» አልኳት። «ሰናፍጩን ሰላም በይልኝ አለ።» ከአሁን በኋላ ስሜ ይሄ ነው። ሠርጉ ላይም ሳይጠሩኝ አይቀሩም።

ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። መስኮት 7። ሕያው ናሙና፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ እና የመታወቂያ ኮፒ ይዤ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። ጉርድ ፎቶው የማን እንደሆነ አልተነገረኝም። ለማንኛውም አንተም ተዘጋጅ።

ካክብሮት ጋር
ሰናፍጩ

ግልባጭ፦
ለሽመላ፣ ባለበት
ለቀንድ አውጣ፣ ቄጠማው ሥር
ለመስኮት 3 (ለመረጃ ያህል)