በክር የታሰረችው ላይተር

ባለፈው ሳምንት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስሄድ አንድ ትምህርት ቤት አጥር ማዶ ካለች ሱቅ ውሃ ልገዛ ቆምኩ። ተማሪዎች የሚለቀቁበት ሰዓት ነበር። ከፊቴ አንድ ልጅ አለ። የዩኒፎርም ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል፤ አርማው እንዳይታይ መሆኑ ነው። አፉን አልከፈተም፤ ሁለት ጣቱን ብቻ አሳየ። ባለሱቁ ከተከፈተ ፓኬት ሁለት ፍሬ መዝዞ ሰጠው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው አንድ የሚንት ከረሜላ ጨመረለት። ልጁ መስኮቱ ብረት ላይ በክር የተንጠለጠለችውን ላይተር ሳብ አድርጎ አንዷን ለኮሰና ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

እኔን የገረመኝ ሲጋራው አይደለም፤ ከረሜላው ነው። ልጁ ቤት ሲገባ እናቱ አፉን እንደምታሸተው ባለሱቁ ያውቃል ማለት ነው። ደንበኛውን አሳምሮ ያውቀዋል።

"ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ የሲጋራ ሱቅ" ሲባል ትምባሆ ብቻ የሚሸጥ ቤት ይመስላል። እኛ ሰፈር እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ሲጋራ ያለው ደብተርና እስክሪፕቶ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው። ወይም ማስቲካና ሶፍት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረው ሱቅ በደረቴ ጋ ነው። ልጁ ሲጋራ ፍለጋ አይወጣም። እስክሪፕቶ ሊገዛ ሄዶ ያየዋል፤ ነገም ያየዋል፤ ከርሞም ያየዋል። አንድ ቀን ጓደኛው ሲገዛ አብሮ ይቆማል። ያኔ ሲጋራ እንደ ማስቲካው ሁሉ የሱቅ ዕቃ ሆኗል፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥ ከልክሏል። በፍሬ መሸጥንም ከልክሏል። የፓኬቱ ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲሸፈን አዟል። ግን በፍሬ የሚገዛ ልጅ ፓኬቱን መቼ አየውና! ያ ሁሉ ሥዕል የሚያስፈራራው ባለሱቁን ብቻ ነው።

ታክሱም ያው ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሲጋራ ላይ ከ30 በመቶ ታክስ ሌላ በአንድ ፓኬት 8 ብር ጣለ። 8 ብር ለ20 ፍሬ ሲካፈል 40 ሳንቲም ነው። በ40 ሳንቲም ማን ይመለሳል?

እኔም የጀመርኩት በፍሬ ነው። ሦስት ሆነን ከታክሲ ብራችን አዋጥተን፣ አንዷን እየተቀባበልን። ያኔ "ሙሉ ፓኬት ካልገዛችሁ አልሸጥም" ብንባል ሳምቡሳችንን በልተን ወደየቤታችን እንገባ ነበር። ለማቆም 11 ዓመት ፈጅቶብኛል።

"ባክህ፣ እኛ አገር የሚያጨስ ስንት ሰው አለ?" የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚያው ዓመት ግን የጃፓኑ ሲጋራ አምራች ጃፓን ቶባኮ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ለ5 በመቶ ብሎ ይህን ያህል የሚያፈስ ነጋዴ እኔ አላውቅም። ዓይኑ ገና በሚመጡት ላይ ይመስለኛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሱቅ በደረቴዎቹን ማሳደድ ዋጋ የለውም። ብዙዎቹ ራሳቸው 21 የሞላቸው አይመስሉም። ደንብ አስከባሪ ሲያዩ የሚሮጡትም መንገድ ላይ ስለነገዱ እንጂ ለተማሪ ሲጋራ ስለሸጡ አይደለም። ነገ ሌላ ጥግ ላይ ናቸው። ባለሱቁ ግን ንግድ ፈቃድ አለው፤ የሚያጣው ነገር አለው። ከእሱ ይጀመር።

"ማን ለማን እንደሸጠ በምን ይረጋገጣል?" የሚል ሰበብ ሁሌም አለ። ተቆጣጣሪው ግን ተማሪ እስኪመጣ አድፍጦ መጠበቅ የለበትም። በፓኬት የሚገዛ ሰው ላይተሩን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። መስኮት ላይ በክር የታሰረች ላይተር ካለች እዚያ ሱቅ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል። የትምህርት ቤቱን አጥር አንዴ መዞር ይበቃል።