አንድ መስመር ለሁለት ቤት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ቤተሰብ ነን፤ እኛ ከላይ፣ እማማ ከእነ ልጅ ልጆቻቸው ከታች። ለላይኛው ቤት የራሱ ኢንተርኔት እንዲገባለት ካመለከትን ወራት አለፉ። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «በዚህ የቤት ቁጥር መስመር ገብቷል።» የገባው አንድ ነው፤ ኪራይ የምንከፍለው ግን ሁለት ቤተሰብ ነን! ስንት ጊዜ እናስረዳ?

ሲቸግረን ከታችኛው ራውተር ገመድ ስበን ሌላ ራውተር ከላይ ሰካን። ይህ መለያየት አይደለም። ስሙና የይለፍ ቃሉ ቢለያይም የሚቀዳው ከአንድ ቧንቧ ነው፤ ልጆቹ ማታ ፊልም ሲከፍቱ የእኔ የሥራ ስብሰባ ይቆራረጣል። በልጆቹ አልፈርድም፣ ቤታቸው ነው።

ይበልጥ ያናደደኝ ሌላ ነው። የእኛ ራውተር ከእነርሱ ሥር ስለተሰካ፣ ከእኔ ኮምፒውተር ተነስቶ የእማማ ቤት ማተሚያ ድረስ መድረስ ይቻላል። የሰው ጓዳ እኮ ነው! ሁለቱም ዋይፋይ በአንድ ቻናል (ዋይፋይ በሚያስተላልፍበት የሞገድ መንገድ) ላይ ሲጋፉ ከርመው፣ የእነርሱን ወደ 1 የእኛን ወደ 11 የቀየርኩት እኔው ራሴ ነኝ። መጠነኛ ለውጥ አለው፤ መስመር ግን አይሆንም።

ነገም ፀሐዩ ሳይበረታ ማመልከቻዬን ይዤ እሄዳለሁ።