እርማት፦ የደረጃ አማካይ ፍልሚያን አያመዛዝንም

ተጫዋቾች ምናባዊ ገጸ ባሕርያትን በሚወክሉበት በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ፣ የጥንካሬ ደረጃቸው የተለያየ ገጸ ባሕርያት በአንድ ቡድን ሲሰለፉ የደረጃቸውን አማካይ ወስዶ ፍልሚያውን ማዘጋጀት ይበቃል የሚለው የተለመደ ምክር ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም የጨዋታ መሪ መመሪያ የሚያዘው የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ የልምድ ነጥብ ወሰን (የፍልሚያው ክብደት የሚለካበትን ቁጥር) ለየብቻ ወስዶ መደመርን ነው፤ ለመካከለኛ ፍልሚያ የ1ኛ ደረጃው ወሰን 50፣ የ5ኛ ደረጃው ደግሞ 500 በመሆኑ፣ ከሁለቱም ሁለት ሁለት ያሉበት ቡድን ድምር 1,100 ሲደርስ፣ በአማካዩ በ3ኛ ደረጃ ቢሰላ ግን 600 ብቻ ይሆናል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ትክክለኛው ድምርም ቢሆን ደካማውን የማይጠብቅ መሆኑ ነው። በአማካይ 28 ጉዳት የሚያደርሰው የእሳት ኳስ አስማት የ5ኛ ደረጃ ተዋጊ አብዛኛውን ጊዜ የሚቋቋመው ሲሆን፣ 8 የሕይወት ነጥብ ብቻ ያለውን ጀማሪ አስማተኛ፣ ካልተከላከለው፣ የሕይወት ነጥቡ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ጉዳት ከሙሉ የሕይወት ነጥቡ ስለሚበልጥ ወዲያውኑ ይገድለዋል።