አፈር ስሆን

የአክስቴ ልጅ አሶሳ ዞን ወርቅ ይቆፍራል። ባለፈው ልጠይቀው ሄጄ ጉድጓዱን አየሁት። ሰው ትከሻውን አጥብቦ ነው የሚገባበት። ላይ ሆኖ ገመድ የሚይዝለት ጓደኛው አለ። ገመዱ አራት ቦታ ተቋጥሯል።

«ይችላል?» አልኩት።

«እስካሁን አልተበጠሰም።»

በዚያው ቀን የደህንነት ተቆጣጣሪ መጣ። ነጭ ሄልሜት፣ ያልቆሸሸ ቦቲ፣ ከነማህተሙ ቦርሳ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ን እየጠቀሰ ወደ ጉድጓዱ ጠጋ አለ። ጠርዙ ትንሽ ተናደ። የቀረውን ቁጥጥር ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ጨረሰው።

«በእንጨት መደገፍ አለበት።»

«ደግፈነው ነበር ጌታዬ። ከሌላ ቢሮ መጥተው ደን ጨፈጨፋችሁ ብለው እንጨቱንም መጥረቢያውንም ወሰዱት።»

ተቆጣጣሪው ትንሽ አሰበና «እሱ እኛን አይመለከትም» አለ።

«አፈር ስሆን፣ እስከ ቅዳሜ ታገሡን!»

ይህችን ልመና እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እናቴ አንዲት ጉርሻ ለማጉረስ እንኳ አፈር ስሆን ትላለች። እስከ ቅንድቡ አፈር የለበሰ ሰው ከጉድጓድ ወጥቶ ሲላት ግን ሰውነቴን ወረረኝ።

ተቆጣጣሪው ያለው ሁሉ ልክ ነበር፣ መቼም አልክድም። ዝናብ የጠጣ አፈር ሲናድ አያስጠነቅቅም። ጎረቤቶቹም ደለሉን በሜርኩሪ አሽተው የያዘውን ወርቅ በሰርዲን ቆርቆሮ ከሰል ላይ ያነዱታል። ሜርኩሪው «ተኖ ይሄዳል» ይላሉ። ወዴት እንደሚሄድ ሳንባ ይጠየቅ። እዚያው ከሰል ላይ ቀጥሎ የተጣደው ጀበና ነው። እኔም ሦስቱንም ጠጣሁ፤ ቡና ተጠርቶ እምቢ ይባላል?

የአክስቴ ልጅ «ሥልጠና ወስጃለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። ሥልጠናው ፊርማው ነበር። ለሦስት ሰው አንድ ሄልሜት ተሰጣቸው። ታች ያለው ያድርገው ወይስ ላይ ያለው? ብዙ ተከራክረው ቁጥጥር በመጣ ቁጥር ጉድጓዱ አፍ ላይ እንዲሰቀል ተስማሙ።

ተቆጣጣሪው ሊሄድ ሲል የአክስቴን ልጅ ወደ ጎን ሳብ አደረገው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህን የማይጠይቅ ሰው የለም።

«ግራሙ አሁን ስንት ገባ?»

ነገረው። ሰውየው ዝም አለ። ዞር ብሎ ጉድጓዱን አየው፤ ቆየት ብሎ አየው።

«ስንት ሜትር ነው አልከኝ?»