አጎታችን ሳም ይኑርልን

አሜሪካኖች ብልሆች ናቸው። እኛ መንግሥትን ከሩቅ ስንፈራው ኖርን፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያልን። እነሱ ግን «አጎት ሳም» ብለው አጎት አደረጉት። አባት ቢሉት ውርስ መጠየቅ ይመጣል። ወንድም ቢሉት እኩያ ሊሆኑ ነው። አጎት ግን ይቆጣል፣ ይልካል፣ አይጠየቅም። የእናት ወገን ይሁን የአባት፣ ያጣራም የለም።

ደግሞ የሥጋ ዘመድ ነው። ቀልዴን አይደለም። በ1812 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ተነሣ። በኒውዮርክ ግዛት፣ ትሮይ ከተማ፣ ሳሙኤል ዊልሰን የሚባል ነጋዴ ለሠራዊቱ ሥጋ በበርሜል እያሸገ ያቀርብ ነበር። በርሜሉ ላይ «ዩ ኤስ» ተጽፏል። ዩናይትድ ስቴትስ ለማለት ነው። በእንግሊዝኛ አጎት ሳምም በነዚሁ ሁለት ፊደላት ይጀምራል። ሠራተኞቹ «የአጎት ሳም ሥጋ ነው» ብለው ቀለዱ ይባላል። በ1961 ኮንግረስ ዊልሰንን የስሙ መነሻ ብሎ በውሳኔ አጸደቀው። ከበርሜል እስከ ኮንግረስ! እንዲህ ያለ የዘር ሐረግ ማን አለው?

መልኩንስ ብትሉ። በ1917 በወጣው የወታደር መመልመያ ፖስተር ላይ ሠዓሊው ጄምስ ሞንትጎመሪ ፍላግ የራሱን ፊት አስረጅቶ፣ ፂም ጨምሮ፣ ባለኮከብ ባርኔጣ ደፋበት። ጣቱን ቀስሮ «አንተን ነው የምፈልግህ» ይላል። የኛ አጎት ጣቱን ከቀሰረ ሲጋራ ግዛልኝ ሊል ነው። የሳም መላኪያ ትንሽ ራቅ ይላል፤ አውሮፓ፣ ጦር ሜዳ።

እኛም ዲቪ ሞልተን ተዛመድነው። ዘመዱን በዕጣ የሚያወጣ አጎት ሌላ የት ይገኛል?

ከሁሉ የምወደው ግን የታክስ ሰሞን ነው። ሳም ደመወዛችን እጃችን ሳይገባ ድርሻውን ያነሣል። ዓመት ሙሉ። ከዚያ እኛው ፎርም ሞልተን፣ ለሚሞላልንም ከፍለን፣ አብልጦ የወሰደውን ሲመልስልን እልል ነው። ያለ ወለድ አስቀምጦልን! በየካቲት ዋሽንግተን አካባቢ አንድ የሐበሻ ካፌ ግቡ። «ሪፈንድ ሰጡኝ!» ይላል አንዱ። «ለኔ ዘንድሮ ጨመሩልኝ» ይላል ሌላው። ሶፋ የሚቀይረው፣ ለአገር ቤት ትኬት የሚቆርጠው፣ ሁሉም ሳምን ይመርቃል። የራሴ ብር ነው የሚል አንድም ምስጋና ቢስ አልሰማሁም።

ባለፈው አንዱ ወዳጃችን ለጠረጴዛው ሙሉ ሒሳብ ከፈለ። ተግደረደርን።

«ተዉ እንጂ» አለን፣ «ዛሬ የአጎቴ ግብዣ ነው።»