ስቲከር ደረቱ ላይ ለለጠፈው ወገኔ

እስቲ ዛሬ ደግሞ ሰው እናመስግን፣ ሁሌ መተቸት ምን ያደርጋል። የማመሰግነው ክሩዝ የሚሉትን የመዝናኛ መርከብ ተሳፍሮ ደሴት ላይ ሲወርድ ቁጥር ያለበት ስቲከር ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ እንጨት ላይ ያንኑ ቁጥር ሰቅሎ የሚሄድ አስጎብኚ ከኋላ ከኋላ የሚከተለውን ወገኔን ነው። አሜሪካ ያለን ሐበሾች ድሮ የምንገናኘው ሰርግና ለቅሶ ላይ ነበር፣ አሁን ባልቲሞር ወደብ ሻንጣ ስንጎትት መገናኘት ጀምረናል፣ እና ይሄ ባለ ስቲከር ጀግና በጣም በዝቷል፣ አመስግኖት የሚያውቅ ግን የለም።

እኔም አንዴ ሆኜ አይቼዋለሁ። ክሩዙን ያደራጀው የአክስቴ ልጅ ነው፣ እና የባሃማስ ደሴቶች ዋና ከተማ በሆነችው ናሳው ለምንቆምባት አንዲት ቀን ከሦስት ወር በፊት ከመርከቡ ቱር፣ ማለትም በአስጎብኚ የሚመራ ጉብኝት፣ ገዝቶ ጨርሷል፣ ለእሱ፣ ለሚስቱ፣ ለእናቴና ለእኔ፣ በሰው 60 ዶላር ገደማ። "ምን ምን ያሳዩናል?" ስለው "ሁሉንም" አለኝ። ደስ አይልም? ደላላ የሚባል ነገር ሲሰማ ደሙ የሚፈላ ሰው እኮ ነው፣ ቤት ሲከራይ እንኳን በደላላ አልሄደም፣ መሃል ገብቶ ደሴቱን የሚሸጥለት ደላላ መርከብ ሲሆን ግን ክብር አለው።

ደግሞ ይሄ ሰውዬ ማን መሰላችሁ፣ መርካቶ ተወልዶ ያደገ ነው። በልጅነቱ ሳይክሉ ተሰርቆበት በሁለተኛው ቀን ምናለሽ ተራ ገብቶ የራሱን ሳይክል በግማሽ ዋጋ ተከራክሮ ገዝቶ የወጣ ሰው። እና አሁን ናሳው ላይ፣ እንግሊዝኛ የሚወራበት፣ ዶላራቸው ከአሜሪካ ዶላር ጋር አንድ ለአንድ ስለሆነ ኪስህ ያለውን አውጥተህ የምትከፍልበት፣ ከመርከብ ወርደህ በእግርህ ቀጥታ መሃል ከተማ የምትገባበት ቦታ ላይ "ብቻችንን ብንወጣ እንጠፋለን" ይለኛል። ሰው እንዲህ ነው መሰልጠን።

ታክሲያቸውን ብታዩት። ጂትኒ ይሏታል፣ ቁልጭ ያለች የኛ ሚኒባስ ናት፣ ትንሽ ተለቅ ትላለች እንጂ። ቁጥር 10 ከመሃል ከተማ ተነስታ ኬብል ቢች የሚባለው ባህር ዳርቻ ትወስድሃለች በጥቂት ዶላር። ሂሳብ የሚከፈለው ስትወርድ ነው፣ ለሹፌሩ። መውረድ ስትፈልግ "በስ ስቶፕ!" ብለህ ትጮሃለህ፣ ማለትም በአማርኛ "ወራጅ አለ!"። ዕድሜ ልኩን "ወራጅ አለ" ሲል ጉሮሮው የተላጠ ሕዝብ፣ መገናኛ ላይ በክርን ተጋፍቶ ወንበር የያዘ ሕዝብ፣ እሷን ጂትኒ አይቶ ፈራ። ደግ አደረገ እላለሁ እኔ። ስትወርድ መክፈል ምን ክብር አለው፣ ትልቅ ሰው ማለት ከሦስት ወር በፊት ከፍሎ ምን እንደገዛ የረሳ ነው።

ጠዋት መርከቡ ቴአትር አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። ቁጥር 14 ተለጠፈልን። 11 ተጠራ፣ 12 ተጠራ፣ 15 ተጠራ፣ 14 ገና ነው። ለሃምሳ ደቂቃ ያህል የአየር ማቀዝቀዣ ስር ተቀምጠን በመስኮት የማይታየውን ደሴት ጎበኘን። ቱር ያልገዙት እኮ ያኔ ወርደዋል፣ መሃል ከተማ ቤይ ስትሪት ላይ ቡና እየጠጡ ይሆናል፣ ምን ዋጋ አለው፣ ደረታቸው ባዶ ነው።

ከዛ አውቶቡስ፣ ከዛ ትራፊክ፣ ከዛ የንግሥቲቱ ደረጃ የሚሉት ጋ ደረስን። እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም የቀኑ ብቸኛ ነገር ይሄ ነበር። ከአንድ ወጥ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ቁልቁል የተፈለፈለ ጠባብ ገደል ነው፣ ግራና ቀኙ ግድግዳው አረንጓዴ ለብሶ እርጥብ እርጥብ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ደረጃው ቀጥ ብሎ ይወጣል። በ1793 እና 94 አካባቢ 600 የሚሆኑ ባሪያዎች በእጃቸው ጠርበውታል ይባላል። ደረጃው 66 ነው፣ የታችኛዋ ደረጃ ንጣፍ ስር ስለገባች ብትቆጥሩ 65 ነው የምታገኙት። እናቴ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው።

"ይሄ በእጅ ነው የተፈለፈለው?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ፣ ባሪያዎች ናቸው።"

ዝም ብላ ቆየችና "የላሊበላውን እንኳን ሌሊት ሌሊት መላእክት አግዘዋል፣ እነዚህን ማን አገዛቸው?" አለች።

ምን እላታለሁ። ቀጥላ ደግሞ "ስማቸው የት ጋ ነው የተጻፈው?" አለች፣ የተሰየመውማ በንግሥት ቪክቶሪያ ነው፣ ደረጃው ሲጠረብ እሷ ገና አልተወለደችም፣ ይሄን ልነግራት አፌን ስከፍት "ቁጥር 14! ቁጥር 14!" ተባለ። እናቴ ደረጃውን እየቆጠረች ሃያ ስንተኛው ላይ ነበረች፣ ቁጥሩ ጠፋባት፣ ተመለሰች። አስር ደቂቃ ነው የተሰጠን። እዚህ ላይ አስጎብኚውን ሳላመሰግን አላልፍም፣ ሰው በማያውቀው አገር ብዙ እንዳያዝን ሰዓት የሚይዝለት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የወሰዱን የአልማዝ መደብር ግን ሃምሳ ደቂቃ ተሰጥቶታል። ከኛ መሃል አልማዝ የገዛ የለም፣ የአክስቴ ልጅ ሚስት ነፃ የሚሰጡትን የቁልፍ መያዣ ተቀብላ ወጣች።

አራዋክ ኬይ የሚባለውስ? አሳ ጥብሱ፣ ያ ኮንክ የሚሉት ትልቁ የባህር ቀንድ አውጣ ፊትህ ተከትፎ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በሚያቃጥል ቃሪያ ተለውሶ የሚሰጥበት ሰፈር በአውቶቡሱ መስኮት አለፈ። "ጥሬ ነው እኮ" አለ የአክስቴ ልጅ ፊቱን አጨማዶ። ቁርጥ በሚጥሚጣ እየበላ ያደገ ሰው። እኔ ምንም አልተናገርኩም፣ ስቲከር ለጥፌ ምን ልናገር።

በርግጥ ለቱሩ አንድ ጥሩ ነገር አለው፣ አልክድም። ከመርከቡ የገዛኸው ቱር ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቅሃል፣ ካልሆነም የሚቀጥለው ወደብ ያደርሱሃል። በራስህ ወጥተህ ከዘገየህ ግን ሰላም ብሎህ ነው የሚሄደው፣ ፓስፖርትህን መርከቡ ውስጥ ትተህ ከሆነ ደግሞ ወደቡ ላይ ያለው ወኪላቸው ጋ ሄደህ ፈልገው። የሰርግ ካርድ ላይ 6 ሰዓት ተብሎ 9 ሰዓት ለሚደርስ ሕዝብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። "መርከቡ ከሚነሳበት ሁለት ሰዓት ቀድሞ መመለስ ነዋ" የሚሉ አሉ። እነሱ ሐበሻን አያውቁትም፣ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ድረስ ከምትለው ሃይማኖት ቀይር ብትለው ይቀለዋል።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በኛ አቆጣጠር፣ መርከቡ ላይ ተመልሰናል። መርከቡ የሚነሳው አስራ አንድ ሰዓት ነው። ላይ ወጥተን ቡፌ አንስተን የመርከቡን የብረት አጥር ተደግፈን ከተማዋን እናያለን፣ ከወደቡ ትንሽ ወደ ምዕራብ ጀንካኑ ቢች አለ፣ ሰው ሲዋኝ በዓይን ይታያል፣ በእግር አስራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እናቴ ደግሞ ኮረብታው ላይ ያለውን ነጭ የውሃ ታወር አየችው።

"ያ ደረጃው ጋ ያየነው ማማ አይደለም?"

"እሱ ነው።"

"እንዴ! እዚህ ነው እንዴ ያለው?" እዚያው ነው። ከቤይ ስትሪት ኤልሳቤጥ አቬኑ ላይ ታጥፈህ ሽቅብ ስትሄድ ደረጃው ስር ነው የሚያደርስህ፣ ቀስ ብለህ ሃያ ደቂቃ። በ60 ዶላር ዞረን ዞረን የደረስንበት። "ታዲያ ሰዓት ካለን ወርጄ ቆጥሬው ልምጣ" አለች እናቴ፣ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

የአክስቴ ልጅ ደነገጠ። "እትዬ ተይ፣ አገሩን አናውቀውም፣ ነገም እኮ ቱር አለን" አላት።

ነገ የምንወርደው ደግሞ የመርከቡ ኩባንያ ራሱ የያዘው ደሴት ላይ ነው። ከተማ የለው፣ ታክሲ የለው፣ ዳር ዳሩን ይዘህ ብትሄድ ተመልሰህ መርከቡን ነው የምታገኘው። ለሱም ቱር አለው፣ ለአራታችንም ገዝቶልናል፣ ስቲከሩ ማታ በር ስር ይገባል።