ይድረስ ለአቶ «ጣውላ ነኝ»

ጉዳዩ፦ ዘርን ስለመካድ፣ የእግር ጣትን ስለመምታት እና ሳሎኔ ውስጥ ስለተገኙ 13 ዳክዬዎች

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት በቀር ደህና ነኝ። እሷም አንተ እስክትመጣ ድረስ ደህና ነበረች።

ደብዳቤውን በአንቱታ ልጀምረው አስቤ ነበር። ግን በየማለዳው በባዶ እግሬ የምረግጠውን እንጨት መሳይ የወለል ሴራሚክ አንቱ ልበል ስል አፌ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ዘርህ እንነጋገር። ማን ነህ ሲሉህ ኦክ የሚባለው ዛፍ ነኝ ትላለህ። ካርቶንህ ላይም በትልቁ እንደዚያ ተጽፏል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። አንተ ግን ከበቅሎም ብሰሃል፤ እሷ ቢያንስ አልዋሸችም። አንተን ከዛፍ ጋር የሚያዛምድህ አንድም ነገር የለም። ሸክላ፣ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድንና አሸዋ አብረው ተፈጭተው፣ በማሽን ተጨምቀው፣ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስ እሳት ውስጥ አልፈው ነው አንተን የሆኑት። የእንጨት መልክህን የሰጠህ ደግሞ ፕሪንተር ነው። አዎ፣ ፕሪንተር። እሳት ከመግባትህ በፊት ፊትህ ላይ የእንጨት ፎቶ አትሞብሃል።

ፎቶ መሆንህ ባልከፋኝ። የከፋኝ ጉርድ ፎቶ መሆንህ ነው። ያው አንድ ፊት ተባዝቶ ተባዝቶ የሚወጣው ዓይነት።

መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ ሳይህ አራት ፍሬ ሆነህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈህ ነበር። አራቱም ይለያያሉ። አንዱ ላይ ስንጥቅ መሳይ መስመር፣ አንዱ ላይ ጠቆር ያለ ጥላ፣ አንዱ ላይ ቅርንጫፍ የወጣበት የሚመስል ጉጥ። እጄን ሳሳርፍብህ የእንጨቱ ደም ሥር ሁሉ ጣቴን ይኮረኩረኛል። ወይ ጥበብ! አልኩ። ሻጩን «ስንት ዓይነት ፊት አለው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ የጠየቅኩት «ፈካ ያለ ቀለም አላችሁ?» ብዬ ነው።

ለካ ያለህ ስምንት ፊት ብቻ ነው። ሳሎኔ 24 ካሬ ሜትር ነው። አንተ 20 በ120 ሴንቲሜትር ነህ፤ ስለዚህ 100 ፍሬ ሆነህ ገባህ። መቶን ለስምንት ስታካፍለው እያንዳንዱ ፊት 12 ወይም 13 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። እኔ ግን ይህን ያወቅኩት አካፍዬ አይደለም። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ ቀለም ስትቀባ ቆይታ ድንገት «አጎቴ፣ ዳክዬ!» አለች። የቱ ዳክዬ? ጣቷን ጉጡ ላይ አሳረፈች። እውነትም ዳክዬ ነው። ምንቃር አለው፣ ጭራ አለው፣ ለዓይኑ እንኳ አንዲት ጥቁር ነጥብ አልጎደለችውም። «እዚህም አለ!» አለች። ከዚያ በዳዴ እየሄደች ትቆጥር ጀመር። አሥራ ሁለት ላይ ሶፋው ጋ ደረሰች። ገፋ አደረግነው። አሥራ ሦስተኛው ከሥሩ ተደብቋል። ከሁሉም የሚያናድዱኝ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ያሉት ሦስቱ ናቸው፤ በአንድ መስመር ተከታትለው ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፤ ወረፋ የያዙ ነው የሚመስሉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወለሉ ላይ እንጨት ታይቶኝ አያውቅም።

ሐቁን ለመናገር እዚህ ላይ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ካርቶኖቹን የከፈትናቸው አንድ በአንድ ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው። ከሦስት አራት ካርቶን እያቀላቀልን፣ ማጣበቂያው ሳይበጠበጥ ወለሉ ላይ ደርድረንህ ራቅ ብለን ብናይህ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ዳክዬ ከዳክዬ አጠገብ ከዋለ አንዱን ዞር አድርጎ በግንባሩ መድፋት ነው። የተገለበጠ ዳክዬ ማንም አይለየውም። ግን ማን ይደርድር? ባለሙያው ቸኩሏል። እኔ ደግሞ ከባለሙያው በላይ ቸኩያለሁ።

አሁን ወደ ጣቴ ልምጣ።

ባለሙያው «ግማሽ በግማሽ እናድርገው ጋሼ፣ ያምራል» አለኝ። የአንዱ ጫፍ የጎረቤቱ ወገብ ላይ ይረፍ ማለቱ ነው፣ ልክ እንደ ጡብ ግንብ። እንጨት እንዲመስል ብዬ ያመጣሁትን ነገር እንደ ጡብ ልንደረድረው መሆኑ ያኔ አልከሰተልኝም። እሺ አልኩ። በግንባታ ሥራ ቶሎ እሺ ብዬ የተጠቀምኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ አንተ ቀጥ ያልክ አይደለህም። ረጅም ስለሆንክ እሳቱ ውስጥ ስትቃጠል ወገብህ ትንሽ ከፍ፣ ጫፎችህ ትንሽ ዝቅ ይላሉ። እንዲሁ ቢያዩህ አያስታውቅም። ሁለት ፍሬህን ፊት ለፊት ገጥሞ ጠርዙን ማየት ነው፤ መሃሉ ተነካክቶ ጫፉ ላይ ክፍተት ካለ ጉብጥናህ ተጋለጠ። እንግዲህ ያንን ዝቅ ያለ ጫፍ ከጎረቤቱ ከፍ ካለ ወገብ ጋር ስናጋጥመው ምን ይወጣዋል? ደፍ። ሁለት ሚሊሜትር የምትሆን፣ ቀን ቀን ጨዋ መስላ የምትውል፣ ሌሊት ውሃ ልጠጣ መብራት ሳላበራ ስነሳ ግን ትንሿ ጣቴን ፈልጋ የምታገኝ ደፍ። ካርቶንህ ጎን ላይ በሥዕል ተነግሮን ነበር። ከርዝመቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አታሸጋሽጉ ይላል፤ ላንተ 40 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። ሥዕሉን ያየሁት ካርቶኑን ልጥለው ስል ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትልና ብርሃኗ በመስኮት ገብቶ ወለል ለወለል ሲሄድ፣ እያንዳንዷ ደፍ የራሷን ጥላ ትጥላለች። ያኔ ሳሎኔ የታረሰ ማሳ ነው የሚመስለው። እነሳና መጋረጃ እዘጋለሁ። ሰው ፀሐይ ሶፋውን እንዳታነጣበት መጋረጃ ይዘጋል፤ እኔ ወለሌ እንዳይታይብኝ እዘጋለሁ።

ካንተ በፊት የነበረው ሴራሚክ 30 በ30 ነበር። እሱ ምስኪን ነው፤ ሊሾው ሲወርድ ወርዶ፣ ሲወጣ ወጥቶ ተቻችሎ ይኖር ነበር። አንተ ግን አትታጠፍም። ሥርህ ጎድጎድ ካለ አየር ላይ ተንጠልጥለህ ትቀራለህ። እንዳንተ ላለ ረጅም ነገር ወለሉ በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ወጣ ገባ ማለት የለበትም። እኛ ምን አደረግን? ውሃ ልክ አስቀመጥንና አረፋዋ መሃል ላይ ስትቆም ደስ አለን። ውሃ ልክ ወለሉ ማዘንበሉን ይናገራል እንጂ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለውን ጉድጓድ አይናገርም። ያን የሚናገረው ረጅም ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ነው፤ እሱ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ያየን ነበር።

በዚያ ላይ ማጣበቂያው ጀርባህ ላይ በደንብ ተዳርሶ ሳይሆን አምስት ቦታ ጉብ ጉብ ተደርጎ ነው የተለጠፍከው። አሁን በሳንቲም ቆርቆር ሳደርግህ አንድ ቦታ ድንጋይ ነህ፣ አንድ ክንድ ፈቀቅ ስል ከበሮ። እንጨት መሰልክ የምልህ በድምፅ ብቻ ነው።

የግራውቱን፣ ማለትም በፍሬዎችህ መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላውን ነገር ባላነሳው ይሻል ነበር፤ እሱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ነጭ። ንጹሕ ይመስላል ብዬ። ቡናማ እንጨት መሃል ነጭ መስመር ሲገባበት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ? እስክሪብቶ ያልነካው የደብተር ወረቀት። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ በር አካባቢ ግራጫ፣ ወጥ ቤት መግቢያው ላይ ቡናማ፣ ሶፋው ሥር ብቻ ነጭ ሆነ። አሥራ ሦስተኛው ዳክዬ ብቻውን ንጹሕ ሰፈር ይኖራል።

ጥቂት ፍሬም ጎድለህብኛል። 24 ካሬ ስለሆነ 24 ካሬ ገዛሁ፤ ጎበዝ ሒሳብ አዋቂ አይደለሁ? በየማዕዘኑ የሚቆረጠውን ማን ቆጠረው! ተመልሼ ሄጄ ያንኑ ስም፣ ያንኑ መጠን አመጣሁ። ካርቶኑ ላይ ከስምህ በታች በትንሹ የታተመችውን የቀለም ቁጥር ግን አላስተያየሁም። ለካ አንድ ቀን የወጣኸው አንተና ሌላ ቀን የወጣኸው አንተ ወንድማማች እንጂ መንታ አይደላችሁም። በር አጠገብ ያሉት ዘጠኙ ፍሬዎች አሁን ወባ የያዛቸው ይመስላሉ። ምንጣፍ አልብሻቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ነገር ልደብቅ አልችልም፤ ጥርሴን ነክሼም ቢሆን እናገራለሁ። ባለፈው የልብስ ማጠቢያው ቱቦ ሌሊት ሾልኮ ሳሎኑ ኩሬ ሆኖ አደረ። እውነተኛ ፓርኬ ቢሆን ኖሮ ጠዋት አብጦ፣ እንደ ድንኳን ተነስቶ ይጠብቀኝ ነበር። አንተ ግን የምትጠጣው ውሃ ከክብደትህ ግማሽ ፐርሰንት አይበልጥም። ጠረግኩህ፣ ደረቅክ፣ አለቀ። ዳክዬዎቹም ያን ዕለት ብቻ ቦታቸውን ያገኙ መሰሉ።

ስለዚህ መኝታ ቤቱን ላሠራ ስወስን ቤተሰቡ ሁሉ ሌላ ነገር ይጠብቅ ነበር። ያው አንተኑ አዝዣለሁ። አትኩራራ፤ በምክንያት ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የፊትህ ዓይነት ከሃያ ማነስ የለበትም፤ ካርቶን ከፍቼ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፣ ሻጩ ቢታክተውም። የቀለም ቁጥርህ በሁሉም ካርቶን አንድ ይሆናል። 15 ፐርሰንት ትርፍ እገዛለሁ፤ የተረፈው አልጋ ሥር ይቀመጣል፣ አንድ ቀን ብረት ድስት ወድቆብህ ብትሰበር መለዋወጫ ነው። ሊሾው አስቀድሞ ይስተካከላል። የምትሸጋሸገው በአንድ ሦስተኛ ነው፣ ባለሙያው ግማሽ ያምራል ካለኝ ጣቴን አሳየዋለሁ። ማጣበቂያው ጥርስ ባለው መለሰኛ ወለሉን ይዳረሳል፣ ጀርባህም ስስ አድርጎ ይቀባል። ጎረቤታሞቹን ጠርዞች እኩል አድርጎ የሚይዝ ክሊፕና ሽብልቅ ይገባል፤ ጠማማ ሆነህ ከመጣህ ግን እሱም አያቃናህም፣ ትመለሳለህ። ግራውቱ ከደም ሥርህ ጠቆር ካለው ጋር ይመሳሰላል። ከግድግዳው ጋር አንላተምም፤ ዙሪያውን ትንሽ ክፍተት ትተን በግድግዳው ግርጌ በሚለጠፈው ዘኮሎ እንሸፍነዋለን፣ ሙቀት ሲመጣ የምትለጠጥበት ይኑርህ።

አንድ የእንስሳ መልክ ያለው ጉጥ ካየሁብህ ደግሞ ለሚዛን ስል ዳክዬ ባይሆን እመርጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
በባዶ እግሩ መሄድ ያቆመ ጎረቤትህ

ግልባጭ፦
ለቀኝ እግር ትንሿ ጣት (ለመረጃ)
ለበሩ ምንጣፍ (ምሥጢሩን እንዲጠብቅ)
ሶፋው ሥር ላለው 13ኛው ዳክዬ (ባለበት)